የተኛ ሰው ምስክርነት፦ የሌሊት የእንቅልፍ ምርመራ ምን ይለካል?

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)

ስለ እንቅልፍ የሚደረግ ንግግር በዚህ ሰዓት መያዙ ለተናጋሪው አደገኛ ነው። ከመካከላችሁ የሚያንጎላጅ ቢኖር አልቀየምም፤ እንዲያውም እንደ ባለሙያ በጥሞና እመለከተዋለሁ።

ሕክምና በአመዛኙ የቆመው በታካሚው ቃል ላይ ነው። ሆዴን ያመኛል ያለ ሰው የት፣ መቼና እንዴት እንደሚያመው ይነግረናል፤ እኛም ከቃሉ ተነሥተን ወደ አካሉ እንሄዳለን። እንቅልፍ ግን ከዚህ ልማድ ውጭ ነው። የተኛ ሰው ስለ ራሱ እንቅልፍ ምስክር ሊሆን አይችልም። «ሌሊቱን ሙሉ ዐይኔን አልከደንሁም» ያለ ሰው ሲመዘገብ ስድስት ሰዓት ተኝቶ ይገኛል፤ «ድብን ብዬ ተኝቼ አደርሁ» ያለው ደግሞ አንጎሉ በዚያው ሌሊት ሁለት መቶ ጊዜ ሲነቃ አድሮ ይገኛል። ሁለቱም አልዋሹም። ያልነበሩበትን ነገር ተጠየቁ እንጂ።

ዛሬ በምሳሌነት የማነሣው ሰው ከብዙ ታካሚዎች ታሪክ የተቀመረ እንጂ አንድ የታወቀ ግለሰብ አይደለም። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ እየጫነ ወደ መሀል አገር ይመላለሳል። ዕድሜው ወደ አምሳ ተጠግቷል። ወደ ክሊኒክ የመጣው በገዛ ፈቃዱ ሳይሆን ባለቤቱ አስገድዳው ነው። እሱ «ደኅና ነኝ፤ የመንገድ ድካም ብቻ ነው» ይላል። እሷ ግን «ዶክተር፣ ማንኮራፋቱንስ ለምጄዋለሁ፤ እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ሲል ነው» ትላለች። የመኪናው ረዳት ደግሞ በአዋሽ ሜዳ፣ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ፣ መሪውን ሁለት ጊዜ እንደያዘለት ለእሷ ብቻ በምሥጢር ነግሯታል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ይህን ሰው አንድ ሌሊት አስተኝተን ስንመዘግበው በማግሥቱ የምናገኘው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል? ቁጥሩ ከፍ ካለ እንጀራው የሆነው መሪ ከእጁ ሊወጣ ይችላል። ዝቅ ካለ ደግሞ ያው መሪ በእጁ ይቀራል።

ምርመራው ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል። ስሙ ከግሪክና ከላቲን የተዳቀለ ሲሆን በእንቅልፍ ውስጥ የሚሆኑትን ብዙ ነገሮች መመዝገብ ማለት ነው። ታካሚው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ቴክኒሻኑ የራስ ቅሉን በሜትር ለክቶ፣ ጠጉሩን ፈልቅቆ፣ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀበሉትን ኤሌክትሮዶች ይለጥፋል። እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር አለ፦ የመማሪያ መጻሕፍቱ ሹሩባን አያውቁም። ሹሩባ የተሠራችን ሴት ቀጠሮ ስትሰጧት አስቀድማችሁ ንገሯት፤ አለዚያ ወይ ለበዓል የተሠራችውን ሹሩባ በሌሊት ታስፈቷታላችሁ፣ ወይ ደግሞ በማይነበብ ቅጂ ታድራላችሁ።

ከዐይኖቹ ጥግና ከአገጩ ሥር ተጨማሪ ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ፤ ደረቱ ላይ የልብ ምት መከታተያ፣ በሁለቱም ቅልጥሞቹ ላይ የእግሩን ጡንቻ የሚከታተሉ ሽቦዎች ይደረጋሉ። ከአፍንጫው ሥር የአየርን ግፊት የሚለካ ቀጭን ቱቦና የትንፋሽን ሙቀት የሚለካ ሴንሰር ይቀመጣሉ። በደረቱና በሆዱ ዙሪያ የሚለጠጡ ቀበቶዎች ይታሰራሉ። ጣቱ ላይ ሁላችንም በኮቪድ ጊዜ የተዋወቅነው የኦክስጅን መለኪያ ይሰካል። ከዚያም ቴክኒሻኑ ከጎረቤት ክፍል በድምፅ ማጉያ «ራስዎን ሳያንቀሳቅሱ ወደ ቀኝ ይመልከቱ፤ አሁን ወደ ግራ፤ ዐይንዎን አምስት ጊዜ ያርገብግቡ፤ ጥርስዎን ይንከሱ፤ ትንፋሽዎን ይያዙ» እያለ እያንዳንዱ መስመር በትክክል መሥራቱን ያረጋግጣል። በመጨረሻም «እንግዲህ ደኅና ይደሩ» ይባላል።

ይህን ሁሉ ተሸክሞ ማን ይተኛል ብላችሁ ከሆነ ጥያቄያችሁ ትክክለኛ ነው። በላቦራቶሪ የሚታደር የመጀመሪያ ሌሊት ከሌሎቹ የሚከፋ መሆኑ ከ1966 ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ኤሮጳ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው)። በ2016 በብራውን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከዚህ የሚያስገርም ነገር አሳዩ፦ ሰው በእንግዳ ቦታ በሚያድርበት የመጀመሪያ ሌሊት ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ እንኳ የአንጎሉ አንድ ክፍል ከሌላው ይልቅ ቀለል ብሎ ይተኛል፤ ለእንግዳ ድምፅም ፈጥኖ ይነቃል። ዘበኛ አቁሞ እንደ መተኛት ነው። እንግዲህ እኛ የምንመዘግበው የሾፌሩን እንቅልፍ ሳይሆን ዘበኛ የቆመለትን እንቅልፍ ነው።

የተመዘገበው ሌሊት በሠላሳ ሠላሳ ሴኮንድ ተከፋፍሎ ይነበባል። ስምንት ሰዓት 960 ገጽ ይሆናል። ለምን 30 ሴኮንድ? ምክንያቱ በአንጎል ውስጥ የለም፤ በወረቀት ላይ ነው። በጥንቱ መቅጃ ወረቀቱ በሴኮንድ 10 ሚሊሜትር ሲጓዝ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ገጽ 30 ሴኮንድ ይይዝ ነበር። በዚያ ፍጥነት የስምንት ሰዓት ሌሊት 288 ሜትር ወረቀት ይፈጅ ነበር። ወረቀቱ ቀረ፣ ኮምፒውተር መጣ፣ 30 ሴኮንዱ ግን እንዳለ አለ። ይህን የማነሣው ለጨዋታ አይደለም። በዚህ ሙያ ውስጥ የተፈጥሮ ሕግ የሚመስሉን ብዙ ቁጥሮች እንዲህ ያሉ የስምምነት ልጆች ናቸው።

ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው። ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል ሞገድ በ1924 መዝግቦ በ1929 አሳተመ። ዩጂን አሰሪንስኪ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የስምንት ዓመት ልጁን ጭምር እያስተኛ ሲመዘግብ፣ ዐይኖች በተኛ ሰው ቆብ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበትን ጊዜ አገኘ፤ ከመምህሩ ከናትናኤል ክሌይትማን ጋር በ1953 አሳተሙት። ሬም የምንለው እንቅልፍ ይህ ነው። በ1965 ደግሞ በፈረንሳይና በጀርመን የነበሩ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ በተኙ ሰዎች ላይ ትንፋሽ ደጋግሞ ሲቋረጥ መዘገቡ። ልብ በሉ፦ ማንኮራፋት ከሰው ልጅ ጋር የኖረ ነው፤ የትንፋሹ መቋረጥ ግን በመሣሪያ እስኪጻፍ ድረስ እንደ ሕመም አልታየም።

አሁን ወደ ሾፌራችን ክፍል እንመለስ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። በስክሪኑ ላይ የአፍንጫው አየር መስመር ቀጥ ብሎ ይተኛል፤ አየር የለም። የደረቱና የሆዱ ቀበቶዎች ግን አላረፉም፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል፣ በተቃራኒው ይሳሳባሉ። ይህ ሰው ለመተንፈስ እየታገለ ነው፤ ጉሮሮው ግን ተዘግቷል። ሃያ ሴኮንድ፣ ሠላሳ ሴኮንድ። የኦክስጅኑ መስመር ትንሽ ዘግይቶ ማሽቆልቆል ይጀምራል። ከዚያ አንጎሉ ለሦስትና ለአራት ሴኮንድ ይነቃል፣ ጉሮሮው ይከፈታል፣ ታላቅ ማንኮራፋት ይሰማል፣ ልቡ ይፈጥናል፤ እሱም ምንም ሳያውቅ ተመልሶ ይተኛል። ባለቤቱ የፈራችው ዝምታ ይህ ነው። ቀበቶዎቹም ከአየሩ ጋር አብረው ቀጥ ቢሉ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ጉሮሮው ሳይዘጋ አንጎሉ «ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝ አልላከም ማለት ነው። ሕክምናቸው የተለያየ ነው፤ በውጭ ለሚመለከት ሰው ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው።

ምርመራው የሚያሳየን ይህን ብቻ አይደለም። ዱካክ ተጭኖት የሚያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ጫት ያቆሙ ሰዎችም ደጋግመው ያነሡታል። በሬም እንቅልፍ ጊዜ አካላችን ሕልሙን እንዳይተውን ጡንቻዎቻችን ይፈታሉ፤ አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ ጡንቻው ገና ሳይመለስ ሲቀር ሰው ዐይኑ ተከፍቶ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ለዚህ ብቻ ማንንም በሽቦ አናስርም። ዱካክ ቀን ቀን ከሚጥል የማይቋቋሙት እንቅልፍ ጋር ሲመጣ ግን ናርኮሌፕሲን እንጠረጥራለን፤ ሌሊቱን መዝግበን በማግሥቱ በየሁለት ሰዓቱ እስከ አምስት ጊዜ አጭር እንቅልፍ እናስተኛለን። በአማካይ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ከተኛና ቢያንስ ሁለት ጊዜ በቶሎ ወደ ሬም ከገባ ጥርጣሬው ይጸናል። እንዲህ ያለ ተማሪ ለዓመታት ሰነፍ ሲባል ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒውም አለ። በ1986 በሚኒያፖሊስ ካርሎስ ሼንክና ማርክ ማሆዋልድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሬም እንቅልፍ ውስጥ ጡንቻቸው የማይፈታ፣ ሕልማቸውን በቡጢና በርግጫ የሚኖሩ ሰዎችን ገለጹ። ምርመራው ይህን በአገጭ ጡንቻ መስመር ላይ በግልጽ ያሳያል። ከብዙ ማዕከሎች የተሰበሰቡ 1280 እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን ተከታትሎ በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ በ12 ዓመት ውስጥ ከመቶ 73.5 የሚሆኑት ወደ ፓርኪንሰን ወይም ወደ ተመሳሳይ የአንጎል ሕመም የመግባት ዕድል አላቸው። ሚስቱን በእንቅልፍ ልቡ ስለመታ አፍሮ የመጣ ሰው፣ ማንም ያልጠየቀውን የወደፊት ዕጣ ይዞ ሊመለስ ነው። ሕመሙን የሚያግድ መድኃኒት ዛሬ በእጃችን የለም። በእኔ አስተያየት ሊነገረው ይገባል፤ ግን ከምርመራው በፊት «እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ ማወቅ ይፈልጋሉ?» ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ ነው።

ወደ ቁጥሩ እመጣለሁ። በእንቅልፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ ይቆጠራል። ለአዋቂ ሰው ከ5 በታች ጤናማ፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ለሕፃናት መስፈርቱ ሌላ ነው፤ በሰዓት አንድም ይበዛባቸዋል። ታዲያ «ቀነሰ» ማለት ምን ማለት ነው? የአየሩ ፍሰት ቢያንስ ከመቶ 30 ለ10 ሴኮንድ ዝቅ ማለቱ ብቻውን አይበቃም። በአንደኛው ደንብ ኦክስጅኑ 3 ነጥብ መውረድ ወይም አንጎሉ መንቃት አለበት፤ በሌላው ደንብ ኦክስጅኑ 4 ነጥብ ካልወረደ አይቆጠርም። የሾፌራችንን ሌሊት ለምሳሌ በሁለቱም ደንብ ብናነበው በአንዱ 33፣ በሌላው 14 ሊወጣ ይችላል። አንድ ሰው፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ቅጂ፤ በአንዱ ከባድ በሽተኛ፣ በሌላው ቀላል።

በቤት የሚደረገው ቀለል ያለ ምርመራ ደግሞ የአንጎል ሞገድ ስለማይመዘግብ ሰውየው መቼ እንደተኛ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚያካፍለው ለተመዘገበው ሰዓት ነው። 108 መቋረጥ ለስድስት የእንቅልፍ ሰዓት ሲካፈል 18 ነው፤ ለስምንት የምዝገባ ሰዓት ሲካፈል 13.5። የቤቱን ምርመራ አልቃወምም። ርካሽ ነው፣ ሰውም በገዛ አልጋው ይተኛል። ግን «ምንም የለብህም» ብሎ ለመልቀቅ አቅም የለውም።

እነዚህ ደንቦች የተቀመሩት በአመዛኙ ለባሕር ወለል በቀረቡ ከተሞች ነው። እኛ ግን ዛሬ የተሰበሰብነው ከ2300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ውስጥ ነው። የፊዚዮሎጂ ተማሪዎች የኦክስጅንንና የሄሞግሎቢንን ኩርባ አስታውሱ፦ ከላይ ጠፍጣፋ ነው፣ ወደ ታች ሲኬድ ቁልቁለት ይሆናል። በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ከጠፍጣፋው ላይ ቆሞ ትንፋሹ ለ15 ሴኮንድ ቢቋረጥ ሙሌቱ ጥቂት ይወርዳል። በደጋ የሚኖር፣ መነሻው ወደ ቁልቁለቱ የተጠጋ ሰው፣ በዚያው 15 ሴኮንድ ይበልጥ ይወርዳል። ጉሮሮው ያው፣ መቋረጡ ያው፤ 4 ነጥብ የመድረሱ ዕድል ግን ይጨምራል። ከፍታው በራሱ ደግሞ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ እየበዛና እየቆመ እንዲመላለስ ሊያደርግ ይችላል።

ታዲያ ሁላችንንም ለከፍታው የሚሆን አንድ ቁጥር ቀንሰን እናስተካክል? ይህም ቀላል አይደለም። በ2002 ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በአምባራስ፣ በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች አማካይ የኦክስጅን ሙሌት ከመቶ 95.3 ሆኖ ተገኘ፤ ሄሞግሎቢናቸውም እንደ አንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ከፍ አላለም። ያ ከፍታ ለእንግዳ ሰው እንዲህ ያለ ሙሌት አይሰጥም። ስለዚህ በአንድ የደጋ ክሊኒክ ውስጥ ለትውልዶች ደጋ የኖረ ገበሬና ትናንት ከቆላ የወጣ ሾፌር ጎን ለጎን ቢተኙ፣ አንዱ መለኪያ ለሁለቱም አንድ ነገር አይናገርም።

ሌላም አለ። የጣት ኦክስጅን መለኪያ ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ የሚያነብ ነው። በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ መለኪያው ከ92 እስከ 96 ካሳየባቸው ታካሚዎች መካከል የደም ወሳጅ ናሙናቸው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁሮች ከመቶ 11.7፣ በነጮች 3.6 መሆኑን አሳየ። መሣሪያው በጠቆረ ቆዳ ላይ እጥረቱን ይሸፍናል ማለት ነው። ይህ ስሕተት በተለይ «ሙሌቱ ከ90 በታች ስንት ደቂቃ ቆየ» የሚለውን መመዘኛ ይነካል። እንግዲህ ከፍታው ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋል፣ መሣሪያው ወደ ታች ይጎትታል። ተቃራኒ ስለሆኑ ይጣፋሉ ብሎ መገመት ሒሳብ ሳይሆን ምኞት ነው። የመመረቂያ ጥናት ርእስ ፈልጋችሁ ወደ ቢሮዬ የምትመጡ ተማሪዎች፣ ርእሱ ይኸውላችሁ፦ የእኛን ሰው ሌሊት በሁለቱም ደንብ አንብቡ፤ የትኛው የቀኑን ማንቀላፋት እንደሚተነብይ ፈትሹ።

መጠይቆቹም ያው ናቸው። በ1991 በሜልቦርን የተዘጋጀው የኤፕወርዝ መጠይቅ ስምንት ሁኔታዎችን ይጠይቃል፦ ሲያነቡ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ በመኪና ተሳፍረው ሲሄዱ ያንቀላፋሉ ወይ? ከንጋት ጀምሮ ሞፈርና ቀንበር ይዞ የሚውል ሰው ለእነዚህ ሁሉ «የለም» ብሎ ዜሮ ያገኛል። እኔ «ቅዳሴ ቆመው፣ ስብከት ተቀምጠው ሲሰሙ፣ ለቅሶ ቤት፣ ዕድር ስብሰባ ላይስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያልተመዘነ ጥያቄ ነው፤ ግን መልስ ያስገኛል።

አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት «ሌሊት እየባነንሁ አላርፍም፣ ቀን ቀን ይደክመኛል» ብለው መጡ። እንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ ዲያዜፓም አዘዝሁላቸው። ያ መድኃኒት የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፤ አንጎልም ታፍኖ እንዳይነቃ ያደርጋል። በወሩ ብሰው ተመለሱ። ያንኮራፉ እንደሆን አልጠየቅኋቸውም ነበር፤ በሐሳቤ አንኮራፊ ማለት ወፍራም ወንድ ነበርና። በ1993 የታተመው የዊስኮንሲን ጥናት ከ30 እስከ 60 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 9፣ ከወንዶች 24 ከ5 በላይ እንደሚቆጥሩ ያሳየ ሲሆን፣ እኔ የ9ኙን አላነበብሁም ነበር።

ስለ ክትትል ጥቂት ልጨምርና ልጨርስ። ኮሊን ሰሊቫን በሲድኒ፣ ከቫኪዩም ክሊነር ሞተር በተሠራ መሣሪያ አየርን በአፍንጫ በግፊት እየነፋ የአምስት ታካሚዎችን ጉሮሮ ክፍት አድርጎ ማሳደሩን በ1981 አሳተመ። ሲፓፕ የምንለው የዚያ ልጅ ነው። በ2016 የታተመ፣ 2717 የልብና የደም ሥር ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት ግን መሣሪያው የልብ ድካምና የስትሮክ አደጋን እንዳልቀነሰ ነገረን። ይህን ይዘው «አይረባም» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ሁለት ነገር አሳስባለሁ፦ ታካሚዎቹ መሣሪያውን የተጠቀሙት በሌሊት በአማካይ 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር፤ ቀን ቀን ክፉኛ የሚያንቀላፉትም ከጥናቱ ተገልለው ነበር። እንደ ሾፌራችን ያለ ሰው በዚያ ጥናት ውስጥ አልገባም። ከመሪ ላይ አለመተኛት ደግሞ በራሱ በቂ ምክንያት ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ ረጅሙ የእንቅልፍ ጥናት የሚጀምረው ከላቦራቶሪው ከወጡ በኋላ ነው። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች በየሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ ስንት መቋረጥ እንደቀረ፣ ጭምብሉ ስንት አየር እንዳፈሰሰ ይጽፋሉ። ሾፌራችን በሦስተኛው ወር ሲመጣ ማስታወሻውን አየን። በቤቱ ያደረባቸው ሌሊቶች ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ በላይም ይላሉ። መካከል ላይ ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ተማሪዬ «ታካሚው ሕክምናውን አይከተልም» ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን አንሥቶ ነበር። ቀኖቹን ከጉዞ ደብተሩ ጋር ስናስተያይ ዜሮዎቹ ሁሉ መንገድ ላይ ያደረባቸው ሌሊቶች ሆነው ተገኙ። የሚያድረው በመኪናው ጋቢና ውስጥ ነው፤ መሣሪያውን የሚሰካበት ሶኬት የለውም። ከመኪናው 24 ቮልት ባትሪ መሣሪያውን የሚያሠራ ማስተላለፊያ ተገዛለት። በቀጣዩ ቀጠሮ ዜሮዎቹ ወደ አራት ሰዓት ተኩል ወጥተው ነበር፤ ረዳቱም መሪ መያዝ አላስፈለገውም።

ከኋላ በኩል እጅ ያወጣችሁ አያችኋለሁ፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።